የሴቲንግ አይከኑ ከመሃሉ ወጥቶ ይዞራል፣ ካርዶቹ ይቆራረጣሉ፤ ያለ ላይብረሪ በሲኤስኤስ ብቻ ይስተካከላል?

ጀማሪዋ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው፤ መልኩን የምጽፈው በሲኤስኤስ ነው። ከላይ በኤስቪጂ (ቅርጾቹ በኮድ በሚጻፉበት መንገድ) የተሳለ ስዕል አለ። ስዕሉ ውስጥ የሴቲንግ አይከን (ጥርስ ያለው ጎማ) ይዞራል፤ ከሥሩ ደግሞ አንድ ጠመዝማዛ መስመር ራሱን እየሳለ እንዲወጣ እፈልጋለሁ። ከዚያ በታች ካርዶች አሉ። ስክሮል ሲደረግ ከታች ወደ ላይ ብቅ ይላሉ፣ አንዱ ሲነካ ደግሞ ዝርዝሩ ይከፈታል።

አሁን የያዘኝ ይህ ነው። አይከኑን በ«ትራንስፎርም» ሳዞረው በራሱ መሃል መዞሩን ትቶ የስዕሉን ጥግ ይዞ ትልቅ ክብ ይሠራል። ካርዶቹ ኮምፒውተሬ ላይ ደህና ናቸው፤ አቅሙ አነስ ያለ ሞባይል ላይ ግን ይቆራረጣሉ። የማንቀሳቅሰው «ማርጂን-ቶፕ»ን (ከላይ ያለውን ክፍተት) ነው፣ ከ40 ፒክሰል ወደ 0። ሌላው፣ አንዱ ካርድ ውስጥ ረጅም ሊንክ ሲገባ ካርዶቹ የተደረደሩበት ግሪድ በሙሉ ከስክሪኑ ያልፍና ወደ ጎን ስክሮል ያመጣል።

የሥራ ባልደረባዬ «አንድ ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ጫኚና ተገላገይ» ይለኛል። እኔ ግን ብራውዘሩ ራሱ ምን እንደሚችል ሳላውቅ ሌላ ነገር መደረብ አልፈለግሁም። ምን ትላላችሁ?

ብራና

እንኳን ደህና መጣሽ። ለጠየቅሽው ሥራ ላይብረሪ አያስፈልግሽም። ሦስቱም ችግሮች ብራውዘሩ ውስጥ መፍትሔ አላቸው። ካርዱንና ግሪዱን ሌሎች ይመልሱልሻል፤ እኔ ኤስቪጂው ላይ ልቆይ።

ተራ የኤችቲኤምኤል ሳጥን ሲዞር ማዕከሉ የራሱ መሃል ነው። «ትራንስፎርም-ኦሪጂን» ምንም ካልነካሽው 50% 50% ነው። ኤስቪጂ ውስጥ ላለ ቅርጽ ግን መነሻው 0 0 ነው፤ የሚለካውም ከቅርጹ ሳይሆን ከቪውቦክሱ (ከሙሉ ስዕሉ የመለኪያ ሳጥን) ነው። ስለዚህ አይከንሽ የሙሉ ስዕሉን የግራ ላይኛ ጥግ ይዞ ይዞራል። 50% 50% ብለሽ ብትጽፊም አይድንም፣ የስዕሉን መሃል ይይዛል እንጂ የአይከኑን አይይዝም።

ቅርጹ ላይ እነዚህን ሁለት መስመሮች ጨምሪ፦

«ትራንስፎርም-ቦክስ፦ ፊል-ቦክስ»
«ትራንስፎርም-ኦሪጂን፦ ሴንተር»

አሁን መለኪያው የራሱ የቅርጹ ሳጥን ሆነ ማለት ነው። ከዚህ በኋላም ሲዞር ትንሽ የሚወላገድ ከሆነ የቅርጹ ጥርሶች በአራቱም ጎን እኩል አልወጡም ማለት ነው፤ የሳጥኑ መሃልና የክቡ መሃል አልገጠሙም። እንዲያ ከሆነ ፊል-ቦክሱን ተዪውና የክቡን መሃል በቁጥር ስጪው። ክቡ በቪውቦክሱ ውስጥ 120 እና 80 ላይ ከተሳለ ኦሪጂኑን 120 ፒክሰል 80 ፒክሰል በዪው። ያኔ ቀጥ ይላል።

እዚያው ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፣ እሱ ብዙ ሰው ያደክማል። ስዕሉ እንደ ኢንክስኬፕ ወይም ኢለስትሬተር ካለ የመሳያ ፕሮግራም ሲወጣ ቅርጹ ላይ «ትራንስፎርም» የሚል አትሪቢዩት (ታጉ ላይ የሚጻፍ መግለጫ) ተለጥፎበት ሊመጣ ይችላል። ቅርጹን አሁን ያለበት ቦታ ያስቀመጠው ያ አትሪቢዩት ነው። አንቺ በሲኤስኤስ ሌላ «ትራንስፎርም» ስትጽፊ የሲኤስኤሱ ያሸንፋል፤ የቀድሞው እንዳልነበረ ይሆናል። ቅርጹም ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። መፍትሔው ቅርጹን በሁለት «ጂ» (ቅርጾችን በሚያቧድኑ) ታጎች መጠቅለል ነው። ውጪኛው ቦታውን ይያዝ፣ ውስጠኛው ይዙር። አንዱ የሌላውን ሥራ አይነካም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ኤስቪጂው ገጹ ውስጥ በቀጥታ ከተጻፈ ነው። በ«አይኤምጂ» ታግ ከጠራሽው የገጽሽ ሲኤስኤስ ወደ ውስጡ አይገባም። የጽሑፉን ቀለም ውሰድ የሚለው «ከረንትከለር»ም የገጹን ቀለም አይወርስም።

ፍሬም በፍሬም

ካርዶቹን ለእኔ ተዉልኝ።

ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ ከሆነ ብራውዘሩ ለአንድ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። 120 ሄርትዝ ስክሪን ላይ ወደ 8.3 ይወርዳል። በዚህች ጊዜ ስታይሉን ያሰላል፣ የእያንዳንዱን ነገር ቦታና መጠን ያሰላል፣ ፒክሰሉን ይቀባል፣ መጨረሻ ላይ ንብርብሮቹን ያዋህዳል። «ማርጂን-ቶፕ» ስትነኪ ሥራው ከቦታ ስሌቱ ይጀምራል። ወረፋ ላይ የፊተኛው አንድ እርምጃ ሲያፈገፍግ እስከ መጨረሻው ሰው እንደሚገፋፋው፣ ከካርዱ ሥር ያለው ሁሉ አብሮ ይሰላል። ያውም በየፍሬሙ። ኮምፒውተርሽ ጉልበት ስላለው ይሸፍነዋል፤ ሞባይሉ አይችልም።

«ማርጂን-ቶፕ»ን አውጥተሽ «ትራንስፎርም፦ ትራንስሌትዋይ(40 ፒክሰል)» አድርጊው። ከእሱ ጋር «ኦፓሲቲ»ን (ከማይታይ ወደ ሙሉ የሚታይ የሚያደርገውን) ከ0 ወደ 1። እነዚህ ሁለቱ የጎረቤትን ቦታ አይነኩም። ብራውዘሩ ካርዱን አንድ ጊዜ ቀብቶ ለብቻው ንብርብር ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ንብርብሩን ማንሸራተት ብቻ ነው። ዋናው የጃቫስክሪፕት መስመር በሌላ ሥራ ቢጠመድ እንኳ እንቅስቃሴው አብዛኛውን ጊዜ አይቆምም። እኔ በግሌ «ዊድዝ»፣ «ሃይት»፣ «ቶፕ»፣ «ሌፍት» እና «ማርጂን» አኒሜሽን ውስጥ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይሄ በትራንስፎርም አይሆንም?» ብዬ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይሆናል።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ የክሮም ዴቭቱልስ ውስጥ ፐርፎርማንስ ታብን ክፈቺና ፕሮሰሰሩን ሆን ብለሽ በ4 ወይም በ6 እጥፍ አዘግዪው። በማርጂኑ አንዴ መዝግቢ፣ በትራንስፎርሙ አንዴ መዝግቢ። ልዩነቱን በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ሬንደሪንግ በሚለው ክፍል ደግሞ ፔይንት ፍላሺንግ የሚባል አለ፤ እንደገና የሚቀባው ቦታ ሁሉ አረንጓዴ ብልጭ ይላል። ካርዱ ሲንቀሳቀስ ገጹ በሙሉ አረንጓዴ ከሆነ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ኢንተርኔት ላይ «ዊል-ቼንጅን ሁሉም ነገር ላይ ጻፊ» የሚል ምክር ታገኛለሽ። አትጻፊ። ዊል-ቼንጅ ይህ ሊለወጥ ነው ብሎ ብራውዘሩን አስቀድሞ ስለሚነግር ለየነገሩ ንብርብር ያስይዛል፤ እያንዳንዱ ንብርብር ደግሞ ሚሞሪ ይበላል። መቶ ካርድ ላይ ከለጠፍሽው ያው ደካማ ሞባይል ነው መልሶ የሚታፈነው።

ሸማኔው

ግሪዱ የእኔ ነው።

ዓምዶቹን «1ኤፍአር» ብለሽ ነው የጻፍሻቸው ብዬ ልገምት። ይህ ከቀረው ቦታ እኩል ድርሻ ብቻ ይመስላል፤ ብራውዘሩ ግን የሚያነበው «ሚንማክስ(ኦቶ፣ 1ኤፍአር)» ብሎ ነው። «ኦቶ» ስላለበት ዓምዱ ውስጡ ካለው የማይሰበር ነገር በታች ሊጠብ አይችልም። ረጅም ሊንክ የማይሰበር ነገር ነው። ስለዚህ ዓምዱ ሰፋ፣ ግሪዱ ሰፋ፣ ገጹ ወደ ጎን ተንሸራተተ። «ሚንማክስ(0፣ 1ኤፍአር)» በዪው፣ ዓምዱ መጥበብ ይችላል። ጽሑፉ ላይ ደግሞ «ኦቨርፍሎው-ራፕ፦ ኤኒዌር» አድርጊ፣ አለበለዚያ ሊንኩ ከካርዱ ወጥቶ ጎረቤቱ ላይ ይተኛል። «ብሬክ-ወርድ» ሳይሆን «ኤኒዌር» ያልኩት በምክንያት ነው። ዓምዱ ምን ያህል መጥበብ እንደሚችል ሲሰላ የመስበሪያ ቦታዎቹን የሚቆጥራቸው «ኤኒዌር» ብቻ ነው።

ለካርድ ገጽ ግን እኔ የምወደው ቀመር ይህ ነው፦

«ሪፒት(ኦቶ-ፊት፣ ሚንማክስ(ሚን(16 ሬም፣ 100%)፣ 1ኤፍአር))»

አንድም ሚዲያ ኩዌሪ (ስክሪኑ እንዲህ ሲሆን እንዲህ አድርግ የሚል ሁኔታ) ሳትጽፊ ስክሪኑ በሰፋ ቁጥር ዓምድ ይጨምራል፣ በጠበበ ቁጥር ይቀንሳል። ውስጥ ያለው «ሚን» ስክሪኑ ከ16 ሬም (በገጹ መሠረታዊ የፊደል መጠን የሚለካ ስፋት) ሲጠብ ካርዱ እንዳያልፍ ይይዘዋል። ሁለት ካርድ ብቻ ቢኖርሽ «ኦቶ-ፊት» ሁለቱን ለጥጦ ቦታውን ይሞላል፤ «ኦቶ-ፊል» ደግሞ ባዶዎቹን ዓምዶች ጠብቆ ካርዶቹን በመጠናቸው ይተዋቸዋል። የትኛው እንደሚያምርብሽ አንቺ እዪው።

ግሪድ እ.ኤ.አ. በማርች 2017 ክሮም፣ ፋየርፎክስና ሳፋሪ ላይ በአንድ ወር ውስጥ ነው የወጣው። ከዚያ በፊት በቴብልና በፍሎት ስንት ጣጣ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ይህን ቀመር ሲያይ ደስ ይለዋል። በ2023 ደግሞ ሁለት ትልልቅ ነገሮች በሁሉም ዋና ብራውዘሮች ተሟሉ። አንዱ ሰብግሪድ ነው፤ የካርዶቹ ርዕስ፣ ጽሑፍና ቁልፍ ከጎረቤቱ ካርድ ጋር በአንድ መስመር እንዲውሉ ያደርጋል። ሌላው ኮንቴይነር ኩዌሪ ነው። ካርዱ ስክሪኑን ሳይሆን ያለበትን ሳጥን ስፋት አይቶ ቅርጹን ይለውጣል። አንዱ ካርድ ጎን ላይ ባለ ጠባብ ቦታም ገጹ መሃልም ሲገባ ሁለቱም ጋ ያምርበታል። እኔ ዛሬ አዲስ ሥራ ስጀምር ሚዲያ ኩዌሪ የምጽፈው ለገጹ ዋና አቀማመጥ ብቻ ነው።

ጀማሪዋ

እጅግ አመሰግናለሁ! አይከኑ ተስተካከለ። ብራና እንዳለው አትሪቢዩቱም ነበረበት፤ በሁለት «ጂ» ስጠቀልለው ቀጥ አለ። ግሪዱም ስክሪኑ ውስጥ ገባ።

ከመስመሩ ሌላ ሁለት ነገር ቀረኝ። ካርዶቹ ስክሮል ሲደረግ ብቅ የሚሉት ያለ ጃቫስክሪፕት ይሆናል? የካርዱ ዝርዝር ሲከፈት ደግሞ «ሃይት»ን ከ0 ወደ «ኦቶ» ብለው ዝም ብሎ ዘሎ ይከፈታል፣ አይንሸራተትም።

ፍሬም በፍሬም

ስክሮሉ ይሆናል። መደበኛውን አኒሜሽን ትጽፊና «አኒሜሽን-ታይምላይን፦ ቪው()» ትጨምሪበታለሽ። ያኔ አኒሜሽኑ የሚሄደው በሰከንድ ሳይሆን ካርዱ ወደ ስክሪኑ በገባበት መጠን ነው። «አኒሜሽን-ሬንጅ» ብለሽ ከየት እስከ የት እንደሚሄድ ትወስኛለሽ፤ ለብቅ ማለት «ኤንትሪ 0% ኤንትሪ 100%» ጥሩ መነሻ ነው።

ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። «አኒሜሽን» የሚለው አጭር አጻጻፍ ታይምላይኑን ወደ መነሻው ይመልሰዋል። ስለዚህ ታይምላይኑ ሁልጊዜ ከእሱ በታች ይጻፍ። ከላይ ከጻፍሽው ምንም ስህተት ሳያሳይ ዝም ብሎ አይሠራም።

ይህ ነገር ክሮም ላይ በ2023፣ ሳፋሪ ላይ በ2025 ነው የገባው። ሁሉም አንባቢ ብራውዘሩን አድሷል ብለሽ አትነሺ። በ«ሰፖርትስ» (ብራውዘሩ ከቻለ ብቻ ይሥራ በሚለው) ጠቅልዪው። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ኦፓሲቲ፦ 0» የሚለው ኪፍሬሙ (የአኒሜሽኑን ደረጃዎች የሚዘረዝረው ክፍል) ውስጥ ብቻ ይሁን፣ ካርዱ ላይ በቀጥታ አይጻፍ። እንዲህ ከሆነ የማይችለው ብራውዘር ካርዱን ቆሞ ያሳየዋል፣ ሰውየው ይዘቱን ያነባል። በተቃራኒው ከሆነ ባዶ ገጽ ነው የሚያየው።

ደርዝ

እዚህ ጋ ከባልደረባዋ ጎን ልቁም። ላይብረሪ ዝም ብሎ ስንፍና አይደለም። አሥር ነገሮች በቅደም ተከተል የሚንቀሳቀሱበት ትዕይንት ሲሆን በሲኤስኤስ የመዘግየት ሰዓቱን በእጅ ነው የምታሰላው። መሃል ላይ አንዱን በግማሽ ሰከንድ ካስረዘምሽ የሚከተሉትን ሁሉ እንደገና ትቆጥሪያለሽ። ጂሳፕ በሚባለው የአኒሜሽን ላይብረሪ ላይ ታይምላይን አለ፤ አንዱን ስትገፊ ሌላው ይከተላል። አንዱ ቅርጽ ወደ ሌላ ቅርጽ ሲለወጥም እንደዚያው ነው። ሲኤስኤስ የሚችለው ሁለቱ ፓዞች (ቅርጹን የሚስሉት መንገዶች) አንድ ዓይነት ትእዛዝ በአንድ ዓይነት ቁጥር ካላቸው ነው፤ ያም ሁሉም ብራውዘር ላይ አይደለም። ጂሳፕ ይህን ራሱ ያስታርቀዋል። በ2025 ደግሞ ሁሉም ፕለጊኖቹ ነፃ ሆነዋል።

ብራና

ደርዝ፣ ለረጅም ትዕይንትና ለቅርጽ ልውውጥ ያልከው ልክ ነው፤ እኔም ያኔ ላይብረሪ አነሣለሁ። ለጀማሪዋ ገጽ ግን አይመስለኝም። አንድ የሚዞር አይከን፣ አንድ መስመር፣ ብቅ የሚሉ ካርዶች። ለዚህ ተብሎ የአንባቢው ሞባይል ተጨማሪ ፋይል አውርዶ፣ አንብቦ፣ አስኪዶ እስኪጨርስ መጠበቅ የለበትም።

መሃል ላይ ሌላም መንገድ አለ። ብራውዘሩ ውስጥ «ኤለመንት.አኒሜት» የሚባል የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ አለ። ማስቆም፣ ወደ ኋላ ማስኬድ፣ ፍጥነቱን መለወጥ፣ ሲያልቅ ቀጣዩን መጥራት ትችያለሽ። ምንም አይጫንም። ሲኤስኤሱ ሲያጥርሽ መጀመሪያ ወደዚህ ብትሄጂ እመርጣለሁ።

ሸማኔው

ስለሚከፈተው ካርድ። «ኦቶ» ቁጥር ስላልሆነ ብራውዘሩ በመደበኛ አሠራሩ ከ0 እስከ እሱ ድረስ መካከሉን አያሰላውም። በግሪድ ግን ችግሩ ይታለፋል። ዝርዝሩን የያዘውን ሳጥን ግሪድ አድርጊው፣ «ግሪድ-ቴምፕሌት-ሮውስ»ን ከ«0ኤፍአር» ወደ «1ኤፍአር» በትራንዚሽን ውሰጂው። ውስጥ ያለው ልጅ ላይ «ኦቨርፍሎው፦ ሂደን» አድርጊ። ፓዲንግ (የውስጥ ክፍተት) ካለው ደግሞ ፓዲንጉን አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ አስገቢው፣ አለበለዚያ ሲዘጋ ጥቂት ፒክሰል ክፍት ይቀራል። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ዋና ብራውዘሮች ሁሉ ይችሉታል።

ፍሬም በፍሬም

ሸማኔው፣ ይህ እኮ ያው የቦታ ስሌት ነው። በየፍሬሙ ከካርዱ ሥር ያለው ሁሉ ይሰላል።

ሸማኔው

ይሰላል፣ አልክድም። ግን እዚህ ሰውየው ራሱ ነክቶ ነው፣ ሩብ ሰከንድ ነው፣ ከዚያ ያበቃል። ከሥሩ ያሉት ካርዶች ወደ ታች መውረዳቸውም የሚፈለግ ነገር ነው። በትራንስፎርም ብናደርገው ዝርዝሩ የሥሩን ካርድ ሸፍኖ ይቀመጣል። አንተ ያልከው ሕግ ስክሮል ላይ፣ ሳያቋርጥ በሚዞር ነገር ላይና በብዙ ካርድ ላይ አይጣስ። በአንድ ክሊክ በሚከፈት ሳጥን ላይ ግን ያን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም። ሞባይሉ ላይ ለክታችሁ እዩት።

ፍሬም በፍሬም

ሩብ ሰከንድና አንድ ካርድ ከሆነ እስማማለሁ። ሁሉም ካርዶች በአንድ ጊዜ የሚከፈቱበት ቁልፍ ብቻ አታድርጉ።

ሚዛን

እስካሁን ያላነሣችሁትን ላንሣ። እኔ የውስጥ ጆሮ ችግር አለብኝ። ገጽ ላይ ትልልቅ ነገር ሲንሸራተት፣ ከኋላ ያለው ስዕል ከፊተኛው በተለየ ፍጥነት ሲሄድ ያዞረኛል። ገጹ የሞላ ሆኖ ስክሮል ሳደርግ ሁሉም ነገር ከየአቅጣጫው ብቅ ሲል ዘግቼ ነው የምወጣው። ስልኬ ላይ እንቅስቃሴ ይቀነስ የሚለውን አብርቻለሁ፤ ብዙ ገጽ ግን አይሰማውም።

በሲኤስኤስ ይህን መስማት አንድ ሚዲያ ኩዌሪ ነው፣ «ፕሪፈርስ-ሪዲውስድ-ሞሽን»። እባካችሁ ስትጽፉት ደግሞ ገልብጣችሁ ጻፉት። መጀመሪያ ገጹን ያለ እንቅስቃሴ አቁሙት፤ ከዚያ «ኖ-ፕሪፈረንስ» በሚለው ውስጥ እንቅስቃሴውን ጨምሩ። ሁሉንም ማጥፋትም አይጠበቅባችሁም። ካርዱ ከመንሸራተት ይልቅ በኦፓሲቲ ብቻ ቀስ ብሎ ቢገለጥ እኔን አይጎዳኝም፤ ምን እንደተለወጠም አያለሁ።

ሳያቋርጥ የሚዞረው አይከንም አለ። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው፣ ደብልዩሲኤጂ፣ ራሱ የጀመረ፣ ከ5 ሰከንድ በላይ የሚቆይና ከሌላ ይዘት ጎን የሚታይ እንቅስቃሴ ማስቆሚያ እንዲኖረው ይጠይቃል። አጠገቡ ጽሑፍ ለሚያነብ ሰው ዓይኑን ይስበዋል። ቁልፍ ማስቀመጥ ካልፈለጋችሁ ሁለት ዙር ዞሮ ይቁም።

ጀማሪዋ

ሚዛን፣ ስለነገሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አይከኑን ሁለት ዙር ዞሮ እንዲቆም አድርጌዋለሁ፤ እንዲያውም እንዲህ ይበልጥ ያምራል። ካርዶቹንም እንዳሉት ገልብጬ ጻፍኳቸው።

አሁን የቀረኝ መስመሩ ነው።

ብራና

መስመሩ ደስ የሚለው ክፍል ነው። «ስትሮክ-ዳሽአሬይ» መስመሩን ወደ ቁርጥራጭ ይከፍለዋል፤ «ስትሮክ-ዳሽኦፍሴት» ደግሞ ቁርጥራጮቹን በመንገዱ ላይ ይገፋቸዋል። ቁርጥራጩ የመስመሩን ሙሉ ርዝመት ካከለና ሙሉ በሙሉ ከገፋሽው መስመሩ ይጠፋል። ወደ ቦታው ስትመልሺው የሚሳል ይመስላል።

ድሮ ርዝመቱን በጃቫስክሪፕት ለክተን ነበር የምናስገባው። አሁን ፓዙ ላይ «ፓዝሌንግዝ» የሚለውን አትሪቢዩት 1 በዪው። ከዚያ በኋላ እውነተኛው ርዝመት ምንም ይሁን ምን ብራውዘሩ እንደ 1 ይቆጥረዋል። ዳሽአሬይ 1፣ ኪፍሬሙ ላይ ዳሽኦፍሴት ከ1 ወደ 0። በቃ። ከሌላኛው ጫፍ እንዲጀምር ከፈለግሽ ከ1 ወደ 2 ውሰጂው። «ፊል»ን «ነን» ማድረግ አትርሺ፣ አለበለዚያ መስመሩ ሳይሳል ውስጡ ቀለም ሞልቶ ይታያል። ፓዙ ላይ «ነን-ስኬሊንግ-ስትሮክ» ካለ ደግሞ አንሺው፣ የቁርጥራጩን ስሌት ሊያዛባው ይችላል።

ዳሽኦፍሴት እንደ ትራንስፎርም ነፃ አይደለም፣ በየፍሬሙ ይቀባል። ለአንድ መስመር ችግር የለውም። ብዙ መስመር ያለው ትልቅ ካርታ ከሆነ ግን በአንድ ጊዜ አታስኪጂው።

ጀማሪዋ

ሠራ! አንድ ነገር ብቻ። መስመሩ መሳል ከመጀመሩ በፊት መነሻው ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ትታያለች። የመስመሩን ጫፍ ክብ ስላደረግሁት ይሆን?

ብራና

አዎ፣ ከእሱ ነው። የቁርጥራጩ ጫፍ በትክክል መነሻው ላይ ስለሚያርፍ ክቡ ተርፎ ይታያል። ክፍተቱን ትንሽ አስፊውና መነሻውን ትንሽ አርቂው። ዳሽአሬይ «1 1.3»፣ ዳሽኦፍሴት ከ1.1 ወደ 0። በዚህ ስሌት ከመጀመሩ በፊት ሙሉ መስመሩ ክፍተቱ ውስጥ ነው የሚወድቀው፣ ክቡም የሚያርፍበት የለውም።